የኩበርግ ሙግት፦ ዲዛይን በሳይንስና በሥነ ሰብዕ መካከል

ሜይ 7 ቀን 1959 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሳይንቲስትነት ሠልጥኖ በልብ ወለድ ደራሲነት ስም ያወጣው እንግሊዛዊ ሲ. ፒ. ስኖው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አንድ ንግግር አደረገ። የምዕራቡ ዓለም ምሁር ለሁለት ተከፍሏል አለ፤ በአንድ ወገን የተፈጥሮ ሳይንስ ሰዎች፣ በሌላው ወገን የሥነ ጽሑፍና የሥነ ሰብዕ ሰዎች። በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ በአንድ ማዕድ እየበሉ አይደማመጡም። ሼክስፒርን ያላነበበ ሰው ይናቃል፤ ሁለተኛውን የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ የማያውቅ ግን አለማወቁን ከነውር አይቆጥረውም። ንግግሩ በመጽሐፍ ታትሞ ለዓመታት አከራከረ።

ስኖው ይህን ሲናገር በደቡብ ጀርመን፣ በኡልም ከተማ፣ ኩበርግ በተባለ ኮረብታ ላይ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያስተምር አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት ሊሞላው ነበር። የኡልም የዲዛይን ከፍተኛ ትምህርት ቤት ይባላል። ማስተማር የጀመረው በ1953፣ የተዘጋው በ1968 ነው። ዲዛይን ሳይንስንና ሥነ ሰብዕን ያገናኛል የሚለው፣ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚደገመው አባባል በተግባር ከተፈተነባቸው ቦታዎች ዋነኛው እሱ ነው። የፈተናው ሂደት ሰላማዊ አልነበረም። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ፣ ሳይንስ በዲዛይን ውስጥ እስከ የት እንደሚያደርስ ወሰኑን ለይተው ያሳዩት ሳይንሱን ወደ ዲዛይን ይዘው የገቡት ሰዎች ራሳቸው መሆናቸው ነው።

ከፍርስራሹ መካከል

የትምህርት ቤቱ ታሪክ የሚነሣው ከአንድ ቤተሰብ ሐዘን ነው። ኡልም ያደጉት ወንድምና እህት ሐንስና ሶፊ ሾል «ነጭ ጽጌረዳ» በተባለ የኅቡዕ ቡድን ውስጥ ሆነው በሂትለር አገዛዝ ላይ በራሪ ጽሑፍ በመበተናቸው ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1943 ሙኒክ ውስጥ በሞት ተቀጡ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ፣ ዲሴምበር 17 ቀን 1944፣ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች የኡልምን አሮጌ ከተማ አብዛኛውን ክፍል አወደሙት። 161 ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው የታላቁ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ግን ከፍርስራሹ በላይ ቆሞ ቀረ።

የሟቾቹ ታላቅ እህት ኢንገ ሾል በ1946 በዚያው ከተማ የጎልማሶች ማስተማሪያ ተቋም ከፈተች። የሥራ አጋሯ፣ በ1952 ደግሞ ባሏ የሆነው ኦትል አይኸር፣ የሾል ልጆች ጓደኛ የነበረና የሂትለር ወጣቶች ማኅበር አልገባም ያለ የኡልም ልጅ ነው። ለተቋሙ ንግግሮች ፖስተር የሚሠራው እሱ ነበር። ሁለቱ ከደራሲው ሐንስ ቨርነር ሪሽተር ጋር ሆነው በሟቾቹ ስም የሚጠራ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለማቋቋም አሰቡ። የመጀመሪያው ረቂቅ በፖለቲካና በጋዜጠኝነት ላይ ያተኮረ ነበር፤ ጀርመንን ዳግም ለአምባገነን የማይገዛ ዜጋ የሚያወጣ ትምህርት ይፈልጉ ነበር።

ሐሳቡን ወደ ዲዛይን ያዞረው ከዙሪክ የመጣው ማክስ ቢል ነው። ቢል ሠዓሊ፣ ቀራጺና አርክቴክት ሲሆን ከ1927 እስከ 1929 ናዚዎች ኋላ ባዘጉት የጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት፣ በባውሃውስ፣ ተምሯል። ክርክሩ ይህን የመሰለ ነበር፦ ሰው ዜግነቱን የሚማረው ከመጽሐፍና ከስብሰባ ብቻ አይደለም፤ የሚቀመጥበት ወንበር፣ የሚሳፈርበት ባቡር፣ የሚያነበው ጋዜጣ አቀማመጥ ሁሉ ያስተምሩታል። ስለዚህ ዕቃን በቅንነት መሥራት ራሱ የፖለቲካ ትምህርት ነው። በጀርመን የአሜሪካ ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበረው ጆን ማክሎይ፣ መሥራቾቹ ተመጣጣኝ ገንዘብ ካሰባሰቡ አንድ ሚሊዮን ማርክ እንደሚሰጥ ቃል ገባ፤ በ1952ም ሰጠ። ትምህርት ቤቱ በግል ፋውንዴሽን ሥር ሆነ። ይሁን እንጂ ከዓመት ዓመት የሚያኖረው ከከተማው፣ ከክልሉና ከፌደራል መንግሥቱ የሚሰፈርለት ድጎማ ነበር። ይህ ኋላ ዋጋ አስከፍሎታል።

ኮረብታው ላይ

ትምህርት ኦገስት 3 ቀን 1953 በተውሶ ክፍሎች ውስጥ በ21 ተማሪዎች ተጀመረ። የመጀመሪያውን ኮርስ የሰጠው ቫልተር ፔተርሃንስ ነው። ሰውየው ባውሃውስ ውስጥ ፎቶግራፍ ያስተማረ፣ ከዚያ በፊት ሒሳብና ፍልስፍና ያጠና በመሆኑ ምርጫው ስለ ትምህርት ቤቱ አቅጣጫ የሚናገረው ነገር አለ። ቢል የነደፈው የኮንክሪት ሕንፃ ኦክቶበር 2 ቀን 1955 ሲመረቅ ንግግር ያደረገው የባውሃውስ መሥራች ቫልተር ግሮፒዩስ ነበር። ከዚያው ኮረብታ ላይ፣ እምብዛም ሳይርቅ፣ ናዚዎች ከ1933 እስከ 1935 የፖለቲካ እስረኞችን ያጎሩበት አሮጌ ምሽግ ይገኛል።

ገንዘቡ በሕንፃው ስላለቀ የቤት ዕቃውን ትምህርት ቤቱ ራሱ ሠራው። በ1954 ቢልና ሐንስ ጉገሎት የነደፉት በርጩማ እስከ ዛሬ ይመረታል። ሦስት የጥድ ሳንቃዎች ናቸው፤ ሁለቱ በጎን ይቆማሉ፣ አንዱ ከላይ ይጋደማል፤ ጫፎቻቸው ጥርስ እየወጣላቸው እርስ በርስ ተነክሰው ተጣብቀዋል። ከታች፣ በሁለቱ ጎኖች መካከል፣ አንድ ድቡልቡል ዘንግ ያልፋል። ዘንጉ ጎኖቹ እንዳይበረገዱ ይይዛል፤ በርጩማው ሲገለበጥ ደግሞ መሸከሚያ እጀታ ይሆናል። ቁመቱ 44 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ተማሪው ከክፍል ወደ ክፍል ይዞት ይሄዳል፤ ይቀመጥበታል፤ በጎኑ ሲያስተኛው ዝቅ ያለ መቀመጫ ያገኛል፤ ገልብጦ መጽሐፉን ይጭንበታል፤ ጠረጴዛ ላይ ሲያቆመው የንግግር አትሮንስ ይሆነዋል፤ ደራርቦ መደርደሪያ ያደርገዋል። የመዋቅር ስሌቱ፣ የእንጨት ቁጠባውና ተማሪው እንዴት እንደሚኖር መታሰቡ አንድ ላይ ሆነው አንድን ዘንግ ቦታው ላይ አስቀምጠዋል።

አርቲስቱ ሲወጣ

ሬክተሩ ቢል፣ ዲዛይነር ከሁሉ በፊት አርቲስት ነው፤ ለዕቃ የመጨረሻውን ቅርጽ የሚሰጠው የእሱ ዓይን ነው ብሎ ያምን ነበር። ወጣቶቹ መምህራን አልተስማሙም። በ1954 ከቦነስ አይረስ የመጣው ሠዓሊ ቶማስ ማልዶናዶ፣ አይኸርና ጉገሎት የኢንዱስትሪው ዘመን ዲዛይነር ከኢንጂነሩ፣ ከኢኮኖሚስቱና ከአምራቹ እኩል ተቀምጦ የሚሠራ ባለሙያ መሆን አለበት አሉ። ቢል በ1956 ሬክተርነቱን ለቀቀ፤ በ1957 ኡልምን ጥሎ ሄደ። ማልዶናዶ በ1958 በብራስልስ የዓለም ኤክስፖ ላይ ባደረገው ንግግር አዲሱን መንገድ በይፋ አስታወቀ፦ የባውሃውስ ቅርስ ይከበራል፣ ግን አይበቃም፤ ዲዛይን ሳይንሳዊ መሠረት ያስፈልገዋል።

በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ የታየው ለውጥ ትልቅ ነው። የስቱዲዮ ሥራው እንዳለ ሆኖ ተማሪው ሒሳብ፣ የዕይታ ሥነ ልቦና፣ ኤርጎኖሚክስ (ዕቃን ከሰው አካል ጋር የማስማማት ጥናት)፣ ሶሲዮሎጂ፣ የባህል ታሪክ፣ ሴሚዮቲክስ (የምልክቶች ጥናት) እና ሳይበርኔቲክስ (የመቆጣጠሪያና የመገናኛ ሥርዓቶች ጥናት) ይማር ጀመር። ከሽቱትጋርት የሚመላለሰው ፈላስፋ ማክስ ቤንሰ ውበት በኢንፎርሜሽን ቲዮሪ ሊለካ ይችላል እያለ ያስተምር ነበር። የሳይበርኔቲክስ አባት ኖርበርት ዊነር በ1955 ትምህርት ቤቱን ጎብኝቷል። ገጣሚው ሐንስ ማግኑስ ኤንትሰንስበርገር ለአጭር ጊዜ አስተምሯል፤ ከ1962 ጀምሮ ደግሞ አሌክሳንደር ክሉገና ኤድጋር ራይትስ የፊልም ክፍሉን ያዙ። በ1958 የመጣው የ28 ዓመቱ የሒሳብና የፊዚክስ ሰው ሆርስት ሪተል፣ በጦርነቱ ጊዜ ለወታደራዊ ዕቅድ የዳበረውን ውሳኔን በሒሳብ የመመዘን ዘዴ፣ ኦፕሬሽንስ ሪሰርችን፣ ለዲዛይነሮች ያስተምር ጀመር። በዚያ ዘመን በሌላ ቦታ እነዚህ ሰዎች በአንድ ኮሪደር አይገናኙም ነበር።

ከዚህ የወጣው ሥራ በብዙ ሰው ቤት ገብቷል። ጉገሎት ከዲተር ራምስ ጋር ለብራውን ኩባንያ የሠራው የ1956ቱ ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ በግልጽ ፕላስቲክ ክዳኑ ዝነኛ ነው። የሐምቡርግ የምድር ውስጥ ባቡርና የሉፍታንዛ አየር መንገድ መለያ ገጽታም ከኡልም ቡድኖች የወጡ ናቸው። ትምህርቱ ምን እንደሆነ በደንብ የሚያሳየው ግን የሐንስ ሮሪሽት የመመረቂያ ሥራ ይመስለኛል። ሮሪሽት በ1959 ለሆቴልና ለካፍቴሪያ የሚሆን የሸክላ ዕቃ ስብስብ አቀረበ። ሳህኑ፣ ጎድጓዳው፣ ስኒው፣ ማንቆርቆሪያው በጥቂት የተወሰኑ የአፍ ስፋቶች ስለተሠሩና ጎናቸው ተመሳሳይ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ ሳይንገዳገድ ይደረደራል። ችግሩ ሒሳብ ነው፤ በጠባብ መደርደሪያ ላይ ስንት ዕቃ ይገባል? ነገር ግን ስኒው መጨረሻ ላይ ከንፈር የሚነካው፣ በጣት የሚያዝ ነገር ነው። ስብስቡ ከ1961 ጀምሮ ለአሠርት ዓመታት ተመረተ።

ዱላ ቀረሽ ዓመታት

ሁለቱ ወገኖች በአንድ ግቢ ስለተሰበሰቡ ግን አልተዋሐዱም። ከ1960 ወዲህ በአስተዳደሩ ውስጥ የሪተልና የባልደረቦቹ ድምፅ እየከበደ ሄደ። በትምህርት ክፍሎቹም ችግርን መተንተን፣ መመዘንና በሠንጠረዥ መዘርዘር ሥዕል ከመንካት በፊት የሚመጣ ግዴታ ሆነ። እነ አይኸር ይህን እንደ አደጋ አዩት። ተማሪው ዘዴውን እየተነተነ ዓመቱ ያልቃል፤ የሚጨበጥ ነገር አይወጣውም ብለው አማረሩ። ንድፈ ሐሳበኞቹ በበኩላቸው ዲዛይነሮቹ ሳይንስን የሚፈልጉት ቀድሞ በዓይናቸው የወሰኑትን ለማጽደቅ ነው አሉ።

የሁለቱም ክስ እውነት ነበረው። ቤንሰ የውበት መለኪያ ቢያበጅም የትኛው ማንቆርቆሪያ መሠራት እንዳለበት ቀመሩ አይናገርም። አይኸር ዓይኑን ቢያምንም፣ ዓይኑ ለምን ከሌላው ዓይን እንደሚበልጥ ማስረዳት አይሆንለትም። ክርክሩ የሥልጣን ጥያቄም ስለነበረ ከሐሳብ ወደ ደንብ ተሻገረ። በዲሴምበር 1962 በወጣው አዲስ መተዳደሪያ ሥልጣኑ ወደ ዲዛይነሮቹ ተመለሰ፤ አይኸር ብቻውን ሬክተር ሆነ። ሪተል በ1963 ኡልምን ለቆ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያው ዓመት «ዴር ሽፒገል» መጽሔት የትምህርት ቤቱን የውስጥ ጠብ አደባባይ አወጣው፤ ድጎማውን የሚወስኑት ፖለቲከኞችም አነበቡት።

የሎንዶን የመድኃኒት ጋሪ

ከ1960 እስከ 1961 በኡልም በእንግድነት ያስተማረ አንድ እንግሊዛዊ የጠቡን ሁለት ጎራ በቅርብ አይቷል። ብሩስ አርቸር ይባላል፤ በሙያው ሜካኒካል ኢንጂነር ነው። ወደ ሎንዶን ተመልሶ በሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት የሆስፒታል ዕቃዎችን የሚያጠና ቡድን መራ። ቡድኑ መንደፍ ከመጀመሩ በፊት ዋርድ ገብቶ ነርሶች ሲሠሩ ተመለከተ። ከምልከታው አራት ችግሮችን ለየ፦ ያገለገለ የቁስል ፋሻ ማስቀመጫ፣ ለተኝቶ ታካሚዎች በስሕተት የሚሰጥ መድኃኒት፣ ወጥ ደረጃ የሌለው አልጋ፣ እና ሁልጊዜ በአንድ ነገር ተደግፎ ተከፍቶ የሚውል የጭስ መከላከያ በር።

በሩን እንውሰድ። ደንቡ ይዘጋ ይላል፤ ጋሪ ስትገፋ የምትውል ነርስ ግን በየደቂቃው በር ልትከፍት አትችልም፤ ስለዚህ አንድ ነገር ትደግፍበታለች። ደንብ ማጥበቅ ዋጋ የለውም፤ የሚጥሱት ሰዎች ሰነፎች አይደሉምና። የቡድኑ መልስ በሩን ክፍት አድርጎ የሚይዝ ኤሌክትሮማግኔት ሆነ፤ የእሳት ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ ኃይሉ ይቋረጣል፣ በሩም ራሱ ይዘጋል። ለመድኃኒቱ ችግር ደግሞ እስከ አልጋው ድረስ የሚገፋ፣ ሥራ ሲያልቅ ከግድግዳ ጋር የሚቆለፍ ጋሪ አቀረበ። ነርሷ መድኃኒቱን ከሩቅ ቁም ሣጥን ቀድታ በትዝታ ማደሏ ቀርቶ በሽተኛው ፊት ቆማ መዝገቡን እያየች ትሰጣለች።

አልጋው ከሁሉ ከባዱ ነበር። በሽተኛው በራሱ እንዲወርድ ዝቅ እንዲል ይፈልጋል፤ ነርሷ ወገቧ እንዳይጎዳ ከፍ እንዲል ትፈልጋለች፤ ሐኪሙ በድንገተኛ ጊዜ እንዲያጋድለው፣ ጽዳት ሠራተኛው ሥሩን እንዲጠርግ፣ ገዥው ዋጋው እንዲቀንስ ይሻል። ኪንግስ ፈንድ በተባለ የጤና በጎ አድራጎት ድርጅት ድጋፍ የተሠራው ቁመቱ ከፍና ዝቅ የሚል አልጋ በቼዝ ፋርም ሆስፒታል በተግባር ተሞከረ፤ መስፈርቱም በ1967 ታትሞ ለብሪታንያ ሆስፒታሎች መለኪያ ሆነ። አርቸር ከዚህ ልምድ ተነሥቶ በ1968 ስለ ዲዛይን ሂደት አወቃቀር የዶክትሬት ሥራውን አቀረበ። አብዛኛው የሥራው ክፍል በሎጂክና በሠንጠረዥ የተሞላ ነው።

በጀቱ ሲነጥፍ

ኡልም በአንጻሩ ወደ መጨረሻው እየሄደ ነበር። ጉገሎት በ1965 ሞተ። የፌደራሉ ድጎማ ተቋረጠ፤ ዕዳ ተከመረ። የክልሉ መንግሥት ትምህርት ቤቱ ከከተማው የምሕንድስና ትምህርት ቤት ጋር እንዲዋሐድ ጠየቀ፤ መምህራኑና ተማሪዎቹ ነጻነታችን ይጠፋል ብለው እምቢ አሉ። በ1968 መጨረሻ ተዘጋ። ውሳኔው ሲወሰን የክልሉ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሐንስ ፊልቢንገር ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ በናዚ ዘመን የባሕር ኃይል ዳኛ ሆኖ በተካፈለባቸው የሞት ፍርዶች ምክንያት ከሥልጣን ለቀቀ። ሁለቱን ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት ማያያዝ አይቻልም፤ የበጀቱና የውስጥ ጠቡ ማስረጃ ብቻውን መዘጋቱን ያስረዳል። ሆኖም በሾል ልጆች መታሰቢያነት የተጀመረ ትምህርት ቤት በዚህ ሰው ዘመን መዘጋቱ የጀርመን ታሪክ ጸሐፊ ሊያልፈው የሚከብድ ነው።

በ15 ዓመት ውስጥ ከ600 በላይ ተማሪዎች አልፈውበታል፤ ብዙዎቹ ከጀርመን ውጭ የመጡ ናቸው። በ1963 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ የተከፈተው የዲዛይን ትምህርት ቤትና በ1969 ቦምቤይ ውስጥ የተቋቋመው የዲዛይን ማዕከል የኡልም ምሩቃን አሻራ አለባቸው። ጉዊ ቦንሲፔ ደግሞ በቺሊ፣ በፕሬዚዳንት አየንዴ ዘመን፣ የመንግሥት ፋብሪካዎችን በኮምፒዩተር ለመከታተል ለታቀደው ሥርዓት የመቆጣጠሪያ ክፍሉን የነደፈውን ቡድን መራ።

የሒሳቡ ሰዎች ድምዳሜ

ሳይንስ በዲዛይን ውስጥ እስከ የት ያደርሳል ለሚለው ጥያቄያችን የሚበጀው ግን የአርቸርና የሪተል መጨረሻ ነው።

አርቸር በ1979 «ዲዛይን ስተዲስ» የተባለ መጽሔት ሲጀመር በመጀመሪያው እትም ላይ ጻፈ። የኦፕሬሽንስ ሪሰርችን ዘዴዎች ለዲዛይን እንዲመቹ ለማጠማዘዝ ብዙ ጊዜ ማባከኑን ሳይሸፋፍን ተናገረ። ዲዛይን ራሱን የቻለ የማሰብና የመግባቢያ መንገድ አለው፤ ከሳይንስና ከሥነ ሰብዕ ጎን ሦስተኛ የትምህርት ዘርፍ ሊባል ይገባዋል አለ። በ1982 ናይጄል ክሮስ በዚያው መጽሔት ሐሳቡን አብራራው። ሳይንስ የተፈጥሮን ዓለም በሙከራ ያጠናል፤ የሚታመነውም በእውነትነቱ ነው። ሥነ ሰብዕ የሰውን ልምድ በንጽጽርና በሒስ ይመረምራል፤ ሚዛኑ ፍትሕና ርቱዕነት ነው። ዲዛይን በሰው የተሠራውን ዓለም በሞዴልና በንድፍ ያስባል፤ የሚጠየቀውም ለቦታውና ለሰው ተስማሚ መሆኑን ነው።

ሪተል በሌላ መንገድ ከዚህም ራቀ። በ1970 ከቨርነር ኩንዝ ጋር ሆኖ ዕቅድን እንደ ክርክር የሚመዘግብ ዘዴ አቀረበ፤ ጥያቄው ይጻፋል፣ ለጥያቄው የተሰጡት አቋሞች ይጻፋሉ፣ አቋሙን የሚደግፉና የሚቃወሙ ምክንያቶች ይከተላሉ። በ1973 ከሜልቪን ዌበር ጋር ባሳተመው ጥናት ደግሞ የኅብረተሰብ ዕቅድ ችግሮች «ጠማማ» ናቸው አለ፤ ለዚህም አሥር መለያ ዘረዘረ። ችግሩ መፍትሔው ሳይታሰብ አይተረጎምም፤ ይህ መጨረሻው ነው የሚባልበት ቦታ የለም፤ መልሱ ደህና ወይም መጥፎ እንጂ እውነት ወይም ሐሰት አይባልም። በኡልም ቀመር ያስተማረው ሰው የመጨረሻ መሣሪያው ከፍልስፍናና ከሕግ ትምህርት ቤት የሚታወቀው ሙግት ሆነ። የሪተል ሐሳብ መለወጥ ለአይኸር ወገን ድል አይደለም፤ ሪተል የባለሙያውን ዓይንም እንደ ቀመሩ ሁሉ ማስረጃና ምክንያት ጠይቆታል።

ከአሥሩ መለያዎች የመጨረሻው ሳይንቲስትንና ዲዛይነርን ይለያል። ሳይንቲስት መላ ምቱ ቢፈርስ አይወቀስም፤ ሳይንስ የሚያድገው እንዲያ ነውና። አቃጅ ግን የመሳሳት መብት የለውም፤ በሠራው ነገር ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች አሉና ለሚደርስባቸው ተጠያቂ ነው። በቼዝ ፋርም አልጋ ላይ የተኛውን በሽተኛ ላየ ሰው ይህ ግልጽ ነው፤ መለኪያው፣ ምልከታውና ሙከራው ሁሉ ያስፈልጋሉ፤ በማን ወገብና በማን ደኅንነት ላይ ምን ያህል እንደሚጫን የሚወስነው ግን ሒሳቡ አይደለም። ዲዛይን ለሁለቱ የዕውቀት ዘርፎች መገናኛ ሊሆን የሚችለው ይህን ውሳኔ በግልጽ አስቀምጦ፣ ምክንያቱን ለተጠቃሚው ጭምር ለሙግት ሲያቀርብ ነው። ይህን ያላደረገ የዲዛይን ትምህርት ቤት የሁለቱንም ኮርሶች በአንድ ፕሮግራም ቢደረድር ኡልም በ1962 የነበረበት ቦታ ላይ ነው።